ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያሉት ሌሊቶች

ዲማ የምትታወቀው በወርቋ ነው። በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን፣ ከደቡብ ሱዳን ድንበር ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ወረዳ ናት። ከሀገሪቱ አራት ማዕዘን የመጣ ወጣት በዶማና በአካፋ ጉድጓድ ይቆፍርባታል፤ አፈሩን በውኃ እያጠበ ዕድሉን ይፈልግባታል። በዚያው ወረዳ ከደቡብ ሱዳን የሸሹ፣ አብዛኞቹ ሙርሌ የሆኑ ሰዎች የሚኖሩበት የኦኩጎ የስደተኞች መጠለያ አለ። አኙዋውም፣ ወርቅ ቆፋሪውም፣ ስደተኛውም፣ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ነጋዴም ሲታመም መጀመሪያ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ነው። ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ሪፈር ይጻፍለታል።

ያንን የሪፈር ወረቀት ይዞ የሚወጣን አንድ ሰው እንከተል። ስም አልሰጠውም፤ የአንድ ሰው ታሪክም አይደለም። ከጠረፍ ወረዳ ታሞ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ብዙ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው። ሆዱ ከተነፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ወደ ላይ ይለዋል፣ ወደ ታች ግን ምንም የለም። አንጀቱ ታጥፏል። የአንጀት መታጠፍ በሀገራችን ሰርጅኖች ዘንድ ከተለመዱት ድንገተኛ በሽታዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን «ይሻለኛል» ብሎ አሳልፎታል፤ በሁለተኛው ቀን ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው መኪና ፈልገውለታል። በበበቃ ቡና እርሻ በኩል ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ግፊቱ ወርዷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሽንት ከሸና ቆይቷል።

ሌሊቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ። የሞተው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ ተሰፋ። ሰርጅኑ ሊነጋጋ ሲል ወጥቶ በር ላይ ቆመው ለሚጠብቁት «ተሳክቷል» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባለ። ወደ ዲማ ተደወለ፤ እናትየው በስልክ አለቀሱ።

የዚህ ሰው ሕይወት የሚወሰነው ግን ከዚያ ስልክ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ደህና ዋለ። በሦስተኛው ቀን ማታ አተኮሰው። ከዲማ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ጋምቤላ የወባ አገር ናትና ማሰቡ ስህተት የለበትም። ደም ተወስዶ ተመረመረ፤ ወባ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረ፤ ሁሉም ተረጋጋ። በወባ አገር የኖረ ሰው ግን ሳይታመምበትም ወባው ደሙ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ የዚያን ሌሊት ትኩሳት ያመጣው እሱ ላይሆን ይችላል። የተሰፋው አንጀት በአንዲት ቀዳዳ እየፈሰሰ፣ ሆዱ ውስጥ መግል እየተጠራቀመ ቢሆንስ?

መልሱ በአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ነበር። ይህን ወረቀት ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ይጻፍበታል። የሰውየው ወረቀት ላይ የልብ ምቱ ረድፍ 88፣ ከዚያ 104፣ ከዚያ 118 ይላል። የአተነፋፈሱ ረድፍ ግን ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ነው። ሕመምተኛ ለሦስት ቀን ሙሉ ሃያ ሃያ ጊዜ ብቻ አይተነፍስም። ያ ረድፍ አልተቆጠረም ማለት ነው፤ ልማድ ሆኖ ተሞልቷል። የአተነፋፈስ ብዛት ደግሞ ሰውነት ጭንቅ ውስጥ ሲገባ ከሁሉ ቀድመው ከሚናገሩት ምልክቶች አንዱ ነው። ለመቁጠር የሚያስፈልገው ሰዓትና አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር። ነርሷን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። ሌሊቱን ብቻዋን ዎርዱን የያዘች ነርስ ያቺን አንድ ደቂቃ ከየት እንደምታመጣት መጠየቅ ያለበት ሆስፒታሉ ነው፤ ከሆስፒታሉም በላይ በጀት የሚይዝለት አካል ነው።

በስድስተኛው ቀን ሰውየው ሞተ። የሞት ምክንያት ተብሎ ካርዱ ላይ የተጻፈው የልብና የመተንፈስ መቆም ነበር። ማን ነው ልቡ ሳይቆም የሞተ?

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ይህ ሞት ስለ ሆስፒታሉ ምን ይነግረናል?

ስለ ኦፕራሲዮን ስናወራ የምናወራው ስለ ሰርጅኑ እጅ ነው። «እጀ ቀና ነው» እንላለን፤ ዘመድ ሲታመምብን ያንን እጅ ፍለጋ እስከ አዲስ አበባ እንሄዳለን። እጅ ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያነሳው ጥያቄ ነገሩን ከሥሩ ቀይሮታል። ጄፍሪ ሲልበር እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት የሐሞት ከረጢትና የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎችን መዝገብ መረመሩ፤ ሁለት ነገሮችንም ለይተው ቆጠሩ። አንደኛው፣ ስንት ሰው ላይ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሐኪሞች «ኮምፕሊኬሽን» የሚሉት ተከታይ ችግር ደረሰ? ሁለተኛው፣ ችግሩ ከደረሰባቸው ውስጥ ስንቱ ሞቱ? የመጀመሪያው በአብዛኛው የሚወሰነው በሕመምተኛው ነው፤ በዕድሜው፣ ባለበት ሌላ በሽታ፣ በምን ያህል ተዳክሞ እንደመጣ። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ከሆስፒታሉ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። የነፍስ አድን ሥራው ሳይሳካ የቀረበት መጠን ከኮምፕሊኬሽኑ ብዛት ይልቅ ስለ ሆስፒታሉ ይናገራል ማለት ነው።

ከ17 ዓመት በኋላ ይህን ሐሳብ የሚያጠናክር ትልቅ ማስረጃ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሚር ጋፈሪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ኦፕራሲዮን የተደረጉ 84,730 ሰዎችን መዝገብ ወስደው፣ ብዙ ሰው የሚሞትባቸውን ሆስፒታሎች ጥቂት ሰው ከሚሞትባቸው ጋር አነጻጸሩ። ብዙ የሚሞትባቸው ሆስፒታሎች ብዙ ኮምፕሊኬሽን ይኖራቸዋል ብሎ የማይጠብቅ ማን አለ? ልዩነቱ ግን ከቁጥር የማይገባ ነበር፤ በአንዱ ወገን 24.6 በመቶ፣ በሌላው 26.9 በመቶ። ከባድ ኮምፕሊኬሽን ከደረሰባቸው ውስጥ የሞቱት ሲቆጠሩ ግን በደህናዎቹ ሆስፒታሎች 12.5 በመቶ፣ በደካሞቹ 21.4 በመቶ ሆኑ። መግል በሁሉም ዘንድ ይቋጥራል፤ ደም በሁሉም ዘንድ ይፈሳል። ልዩነቱ ያለው ማን ቀድሞ እንዳየው፣ ማን እንደተጠራ፣ የተጠራው በስንት ሰዓት እንደደረሰ ነው።

ይህ ለእኛ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ የሚከብድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት» መጽሔት ላይ የወጣው የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤት ጥናት በ25 ሀገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች ውስጥ በአንድ ሳምንት ኦፕራሲዮን የተደረጉ 11,422 አዋቂዎችን ተከታትሏል። አማካይ ዕድሜያቸው 38.5 ዓመት ነበር፤ ከሌላው ዓለም ሕመምተኛ ይልቅ ወጣቶችና ሌላ በሽታ እምብዛም የሌለባቸው ናቸው። ኮምፕሊኬሽን የደረሰባቸው 18.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሞቷል። በጥቅሉ የሞቱት 2.1 በመቶ ናቸው፤ ከዓለም አማካይ ሁለት እጥፍ። ከጥናቱ ቁጥሮች ሁሉ እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። ከሞቱት 239 ሰዎች ውስጥ 225ቱ የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ ቀን በኋላ ነው።

225 ሰዎች ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛ በሕይወት ወርደዋል። ለ225 ቤተሰብ «ተሳክቷል» ተብሏል። ከዚያ በኋላ ዎርድ ውስጥ ሞቱ፤ ከአልጋቸው አጠገብ አስታማሚ ተቀምጦ፣ ግርጌያቸው ላይ ወረቀቱ ተንጠልጥሎ።

ስለ አስታማሚ ትንሽ ልበል፤ በእኛ ሆስፒታሎች ከቆሙት ምሰሶዎች አንዱ ነውና። አስታማሚው ወለል ላይ ፍራሽ ወይም ካርቶን አንጥፎ ያድራል። ምግብ ያበላል፣ ሽንት ያስወግዳል፣ ሌሊት «እዚህ የለም፣ ከውጭ ፈልግ» የተባለበትን የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ከሁሉም በላይ ግን በሽተኛው መለወጡን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። «ትናንት ያወራ ነበር፣ ዛሬ ዝም አለኝ» የሚል አስታማሚ ከየትኛውም መሣሪያ ቀድሞ አደጋውን ተናግሯል። የሚሰማው ካገኘ ነው። ከዲማ የመጣው ሰው አስታማሚ አኙዋኛ ብቻ የሚናገር ቢሆንስ? ከኦኩጎ የመጣ ሙርሌ ከሆነ ደግሞ የሆዱ ሕመም ነርሷ ጋ እስኪደርስ ሁለት አስተርጓሚ ሊያልፍ ይችላል። «ያመኛል» የሚለው ይደርሳል። ሕመሙ ከቁስሉ ላይ ወደ ሆዱ ሙሉ መስፋፋቱ፣ ሲተነፍስ ትከሻው ላይ መውጋቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ለሰርጅን ደግሞ ዋናው ነገር ያ ነው።

ነርሶችን በተመለከተ ቁጥሩ አለ። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው፣ አንዲት ነርስ ከምትይዘው ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ እንደሚጨምር አሳዩ። እዚያ የሚወራው ከአራት ወደ ስምንት በሽተኛ ስለማለፍ ነው። የእኛን ዎርድ የሚያውቅ ሰው ሂሳቡን ራሱ ይሥራው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ አሠልጥና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ አድርጋ በየወረዳው ሆስፒታል መድባለች። ሰርጅን ደርሶ በማያውቅበት ቦታ በኦፕራሲዮን የሚያዋልዱት፣ የታጠፈ አንጀት የሚፈቱት በብዙ ቦታ እነሱ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቀዶ ሕክምናን የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት አካል እንዲያደርጉ ሀገሮችን ሲጠይቅ፣ ጤና ሚኒስቴር ብዙም ሳይቆይ «ሳልትስ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና መርሃ ግብር ጀመረ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ሰርጅኖች ጋር በአምስት ሆስፒታሎች የሞከረው የንጽህና ሥራም አለ። ሥራው ረቂቅ አልነበረም፤ እጅ በአግባቡ ይታጠብ፣ የኦፕራሲዮን ጨርቁ ቀዳዳ እንዳይኖረው ይታይ፣ መሣሪያው በእርግጥ መቀቀሉ ይረጋገጥ፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ ይሰጥ፣ ፋሻ ይቆጠር። በዚህ ብቻ የቁስል ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ቀነሰ።

ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው ችግሩ እንዳይመጣ የሚከላከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በስምንት ከተሞች አስሞክሮ ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ያወረደው ዝነኛው የኦፕራሲዮን ቼክሊስትም ሥራው ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ያበቃል። በሽተኛው ዎርድ ገብቶ፣ ሰርጅኑ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ መብራቱ ሲደበዝዝ የሚመጣውን የሚመለከተው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ መልሱ «ማንም» ይሆናል። የሚመለከተው ሰው ቢኖርም የሚይዘው ነገር ላይኖረው ይችላል። ነርሷ የልብ ምቱ 118 መሆኑን አይታ ደነገጠች እንበል። ለተረኛው ሐኪም ደወለች። ሐኪሙ መጥቶ ሆዱን ነካ፤ ጠንክሯል። ዳግም መከፈት አለበት። ደም ያስፈልጋል፤ የደም ባንኩ ሌላ ከተማ ነው። ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ሲሊንደሩ ባዶ ነው፣ ወይም ሙሉ ሆኖ መለኪያው የለም። የሰመመን ባለሙያዋ ምጥ ከጸናባት እናት ጋር ናት። ለዚህ ነው በ28 የአፍሪካ ሀገሮች በ332 ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ትልቅ ጥናት ውጤት ያሳዘነንም ያስተማረንም። አደጋ ያለባቸውን በሽተኞች ለይቶ ከኦፕራሲዮን በኋላ ክትትላቸውን ማጠናከር ይሞታል የተባለውን ሰው ያድናል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ ሞትን አልቀነሰም። ማየት ብቻውን አላዳነም። ያየችው ነርስ እጇ ላይ ምንም ከሌለ ማየቷ ጭንቀቷን ብቻ ነው የሚጨምረው።

እጅ ላይ ከሚጎድለው ነገርም ሌላ የሚያስቸግር አለ፤ የማናወራበት። ሰርጅን የሰፋውን አንጀት ዳግም መክፈት «አልተሳካልኝም» ብሎ እንደማመን ይከብደዋል። ስለዚህ «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ይላል። ያ ነገ ነው በብዙ ሰው ሞት ውስጥ ያለው። ጥሩ ሆስፒታል የሚባለው ታናሹ ሐኪም ወይም ነርሷ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ታላቁን ሰርጅን ቀስቅሳ ሳትሸማቀቅ «ጋሼ፣ ይህ ሰው ደስ አላለኝም» የምትልበት፣ እሱም ሳይቆጣ የሚነሳበት ነው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሞቱ ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ እያነሱ የሚነጋገሩበት ስብሰባ አለ፤ ሐኪሞች «ኤም ኤንድ ኤም» ይሉታል። በጥሩ ሁኔታ ሲመራ ያንን ሌሊት ያስተካክላል፤ በመጥፎ ሲመራ ግን ጀማሪው ሐኪም የሚገረፍበት አደባባይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም እውነቱን አይናገርም።

አሁን ወደ መለካቱ እንመለስ።

ሞት ይቆጠር ያለ ሰው ወዳጅ አያፈራም። የቦስተኑ ሰርጅን ኧርነስት ኮድማን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ ይዞ፣ ከዓመት በኋላ ፈልጎ አግኝቶ «እንዴት ነህ? ሕክምናው ረድቶሃል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይህን በይፋ እንዲያደርግ ሲወተውት ተጋጭቶ ሥራውን ለቀቀ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል በአምስት ዓመት ካስወጣቸው 337 በሽተኞች 123 ስህተት መዝግቦ አሳተመው፤ የራሱንም ስህተት ሳይደብቅ። ዛሬ ስሙ በክብር ይነሳል፤ በዘመኑ ግን እንደ እብድ ነበር የሚታየው።

የኮድማንን ሐሳብ በጥሬው መውሰድ አደጋ አለው። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የልብ ኦፕራሲዮን የሞት መጠን መሰብሰብና በየሆስፒታሉ፣ በኋላም በየሰርጅኑ ስም ማውጣት ሲጀምር ከጥቅሙ ጋር ብርቱ ስጋት መጣ፤ ሰርጅኖች ቁጥራቸው እንዳይበላሽ የከፋ በሽተኛ ከመንካት ይሸሹ ይሆን? ይህ ስጋት ጋምቤላ ላይ ሲታሰብ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ጥቃት ፈጽመው ከ200 በላይ ሰው ገድለዋል፤ ሕጻናትንም አፍነው ወስደዋል። በዚያ ሳምንት በጥይት የተመቱ ሰዎችን የተቀበለን ሆስፒታል በሞት ቁጥር ብቻ አዲስ አበባ ውስጥ በቀጠሮ ከሚያክም የግል ሆስፒታል ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዲማ ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ በወባ ደሙ አንሶ የሚመጣን ሰው የሚቀበል ሆስፒታል ከፍ ያለ የሞት ቁጥር ይኖረዋል፤ ያ ቁጥር ያለ ማብራሪያ ከተለጠፈበት ነገ በር ላይ «አልጋ የለም» ማለት ይጀምራል። ተጎጂው ያው የዲማ ሰው ነው።

ኮምፕሊኬሽን ከደረሰባቸው ውስጥ ስንቱ ሞቱ የሚለው መለኪያ ከዚህ ወጥመድ ይሻላል፤ ከባድ በሽተኛ የተቀበለን ያን ያህል አይቀጣም፣ ችግሩ ሲመጣ ምን እንዳደረገ ይጠይቃልና። እሱም ቢሆን መዝገብ ይፈልጋል። የቁስል መግልን፣ የሳንባ ምችን፣ የሚፈስ ስፌትን የማይጽፍ ሆስፒታል የሚቆጥረው ሞቱን ብቻ ስለሚሆን ስሌቱ ይዛባበታል። ስለዚህ መጀመር ያለበት ከታች ነው፤ ያ የአተነፋፈስ ረድፍ በእውነት ከሚሞላበት ቦታ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስቆጣኝ ግን የአንድ ትርጉም ጉዳይ ነው። «ላንሴት» ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ሀገሮች ቀዶ ሕክምናቸውን እንዲለኩባቸው ካወጣቸው ስድስት መለኪያዎች አንዱ ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው የሞት መጠን ነው። የሚቆጠረው ግን በሽተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የደረሰ ሞት ነው። ይህ የሆነው ለመቁጠር እንዲቀል ነው፤ ለመነሻም ጥሩ ነው። ይሁንና ያ የዲማ ሰው በስድስተኛው ቀን ባይሞት ኖሮስ? በሰባተኛው ቀን «ደህና ነህ፣ ሂድ» ተብሎ፣ ወይም ገንዘቡ አልቆ ራሱ ውጣ ውጣ ብሎ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ዲማ ቢመለስስ? በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌሊት ቤቱ ቢሞት ይቀበራል፤ ሐዘን ይቀመጡለታል። የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ግን ድኖ የወጣ ሰው ሆኖ ይኖራል። በሕክምና ከዳኑት ጋር ተደምሮ በሪፖርት ይላካል። ከከተማው ራቅ ያለ ሰው በሞተ ቁጥር የሆስፒታሉ ቁጥር ያምርለታል ማለት ነው። ይህን ማንም በክፋት አላሰበውም፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነው፤ ድሃውና ሩቅ ያለው ከሞቱም በኋላ አይቆጠርም።

ይህ የማይቀየር ነገር አይደለም፤ ሀገራችን ከዚህ የከበደውን አንድ ጊዜ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የእናቶች ሞት ክትትልና ምላሽ የሚባል ሥርዓት ዘርግታለች። እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት፣ ቤቷም ትሙት ሆስፒታል፣ ሞቷ ሪፖርት ይደረጋል፤ ለምን እንደሞተች ይመረመራል፤ ዘገየ የተባለው ውሳኔ ቤት ውስጥ ነው፣ መንገድ ላይ ነው ወይስ ጤና ተቋሙ ውስጥ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ሥርዓቱ ቀዳዳ የለውም አልልም። ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌዋ እናት መሞቷን ለማሳወቅ ኃላፊነት እንዳለባት ታውቃለች። በኦፕራሲዮን ወልዳ የሞተች እናት ቤቷ ሆና ብትሞትም ትቆጠራለች። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ምናልባትም በዚያው ባለሙያ እጅ አንጀቱ ተሰፍቶለት ቤቱ የሞተው ወርቅ ቆፋሪ ግን አይቆጠርም። ይህን ልዩነት የሚያስረዳኝ በቂ ምክንያት አላገኘሁም።

የሚደረገው ደግሞ ረቂቅ አይደለም። በሩዋንዳ የኪሬሄ ወረዳ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ቤታቸው ሄደው ቁስላቸውን እንዲያዩና ፎቶ አንስተው እንዲልኩ ተሞክሯል። እኛም የጤና ኤክስቴንሽን መርሃ ግብር ካለን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ስልክ ደግሞ ወርቅ ጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ደርሷል። ሰው ሆዱ ተከፍቶ ከሆስፒታል ሲወጣ የራሱና የአንድ ዘመዱ ስልክ ቁጥር፣ ቀበሌውና የሚናገረው ቋንቋ ካርዱ ላይ ይጻፍ። በሰባተኛው ቀንና በሠላሳኛው ቀን አንድ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይደውልለት፤ ስልኩ ካልተነሳ ቀበሌው ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መልእክት ይድረስ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ያተኩስሃል ወይ፣ ከቁስልህ የሚፈስ ነገር አለ ወይ፣ መብላትና ወደ ውጭ መውጣት ችለሃል ወይ። ከሦስቱ አንዱ የሚያሰጋ መልስ ካለው የመመለሻው መኪና ወጪ ከበሽተኛው ኪስ እንዳይሆን አስቀድሞ ይወሰን፤ ያለዚያ መደወሉ ትርጉም የለውም። ሞቶ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ቀን እንደሞተና ከመሞቱ በፊት ምን እንደታየበት ተጠይቆ፣ ኦፕራሲዮን ባደረገለት ሆስፒታል መዝገብ ላይ በዚያ ወር ከሞቱት ጋር ይጻፍ፤ በቀጣዩ የ«ኤም ኤንድ ኤም» ስብሰባም ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ።